የአዲስ አበባ ታላላቅ ሕንፃዎች በዓመት ሁለት ቀን በነፃ ለሕዝብ እንዲከፈቱ የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በአዲስ አበባ የምንሠራ አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶች፣ የታሪክና የሥነ ጥበብ መምህራን፣ አስጎብኚዎችና የከተማዋ ቅርስ የሚያሳስበን ነዋሪዎች ያቋቋምነው ማኅበር ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። ጉዳዩ አንድ ነው፦ በታሪክ፣ በሥነ ሕንፃ ጥበብ ወይም በሕዝብ አገልግሎት ትልቅ ቦታ ያላቸው የከተማዋ ሕንፃዎች በየዓመቱ በሁለት የታወቁ ቀናት ለማንም ሰው ያለ ምንም ክፍያ በራቸውን ይክፈቱ እንላለን። መግለጫው የቀረበው ለከተማ አስተዳደሩ፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ሕንፃዎቹን ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማት፣ ለግል ባለንብረቶችና ለከተማው ሕዝብ ነው።

ጉዳዩ ለምን አሳሰበን?

አዲስ አበባ ሕንፃዎቿ በአብዛኛው ከውጭ ብቻ የሚታወቁባት ከተማ ናት። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ የቀጠሮ ቦታ ነው። አንበሳው የቀራፂ ሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ቴአትር ቤቱ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲኒማ እንዲሆን ተጀምሮ የነበረ፣ በኋላ በፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ዕቅድ ተለውጦና ሰፍቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተመረቀ ነው። ትኬት ቆርጦ የሚገባ ተመልካች ከመቀመጫው አልፎ የመድረኩን ጀርባና የመብራት ክፍሉን አያይም። ይኸው አርክቴክት የሠራው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃም ገንዘብ ለማስገባትና ለማውጣት የሚገቡበት እንጂ ቀና ብለው ጣሪያውን ለማየት የሚገቡበት ሆኖ አያውቅም።

አፍሪካ አዳራሽን እንመልከት። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ዕቅድ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ አዳራሽ ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በሦስት ክፍሎች የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ይተርካል። ዓመታት የፈጀው እድሳት ተጠናቆ አዳራሹ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ይሁንና ከአጥሩ ማዶ ባለው አስፋልት ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰ የካዛንቺስ ልጅ ይህን ሥዕል የሚያውቀው በፎቶግራፍ ነው። ባለቀለም መስተዋት ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ጠቆር ያለ ግድግዳ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ብርሃኑ በስተጀርባው ሲመጣ ከውስጥ ለቆመ ሰው ብቻ ነው።

ሕዝብ ወደ ትልቅ ግቢ መግባቱ ለከተማዋ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በታላቁ ቤተ መንግሥት የግብር አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ እየገባ ይበላ ነበር። አገባቡም አቀማመጡም በማዕረግ ቢሆንም ተራው ወታደር የአዳራሹን ጣሪያ ከውስጥ ያውቀው ነበር። ደጅ መጥናትም የዚያው ዘመን ወግ ነው፤ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩ እስኪታይለት በጌታው ደጅ ወራት ይቆማል። ከእነዚህ ሁለት ውርሶች የዛሬዋ ከተማ አጥብቃ የያዘችው ሁለተኛውን ነው። ከትልቅ ሕንፃ ጋር ያለን ትውውቅ በአብዛኛው ከዘበኛው፣ ከፍተሻው እና “ምን ጉዳይ ነበረዎት?” ከሚለው ጥያቄ አያልፍም። “ጉዳዬ ማየት ብቻ ነው” የሚል ሰው ተቀባይ የለውም። የምንጠይቃቸው ሁለት ቀናት ይህ መልስ በቂ ሆኖ የሚያስገባባቸው ቀናት ናቸው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን መግለጫ ባላወጣን ነበር። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያልገቡበት ሕንፃም ሲፈርስ አይቆጭም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት ሥራ ሲፈርስ የተነሳውን ክርክር ሁላችንም እናስታውሳለን። በእኛ እይታ የክርክሩ ትልቁ ድክመት የመጣበት ሰዓት ነው። የትኛው ቤት ምን እንደያዘ፣ የትኛው ሰገነት በማን እጅ እንደተሠራ፣ የትኛው ከመፍረስ በቀር መላ እንደሌለውና የትኛው ሊጠገን እንደሚችል ነዋሪውና ባለሙያው ቀድመው አብረው አላዩትም። ስለዚህ አንዱ ወገን ስለ ትዝታ፣ ሌላው ስለ ንጽሕናና ስለ መንገድ ሲናገር ስለ ሕንፃዎቹ ራሳቸው በቂ ዕውቀት ይዞ የተናገረ ጥቂት ነበር። ማኅበራችን ልማትን አይቃወምም። የሚቃወመው ሕዝብ ሳያያቸውና ሳያውቃቸው ስለ ሕንፃዎች ዕጣ መወሰኑን ነው።

የተከፈቱ በሮች አሉ፤ የእኛ ጥያቄ ከእነሱ በምን ይለያል?

ባለፉት ዓመታት የተሠራውን በጎ ሥራ እናደንቃለን። የታላቁ ቤተ መንግሥት ከፊል ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሆኖ ለጎብኚ ተከፍቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ለዘመናት በአጥር የተከለለ ስፍራ ሕዝብ እንዲረግጠው መደረጉ በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

የእኛ ጥያቄ በሁለት ነገር ይለያል። የመጀመሪያው ክፍያ ነው። መጠነኛ የሚባል የመግቢያ ዋጋ እንኳን አምስትና ስድስት ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ የቀን ሠራተኛ የሳምንት ወጪውን የሚያናጋ ነው። ሁለተኛው የሕንፃዎቹ ዓይነት ነው። እስካሁን የተከፈቱት በአመዛኙ ወደ ሙዚየምነት ወይም ወደ መናፈሻነት የተለወጡ ናቸው። እኛ የምንለው ሥራቸውን እየሠሩ ያሉ ሕንፃዎችም ይከፈቱ ነው፦ ባንኩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቴአትር ቤቱ፣ ሚኒስቴሩ፣ የባቡር ዴፖው። ከተማ የምትኖረው በሙዚየሞቿ ውስጥ አይደለም።

የሌሎች ከተሞች ልምድ

ሐሳቡ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1984 በባህል ሚኒስትሩ ዣክ ላንግ አነሳሽነት ታሪካዊ ሕንፃዎችን በመስከረም ወር በአንድ እሁድ ለሕዝብ ከፈተች። ዛሬ በዚህ ዝግጅት ቀናት የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የሆነው የኤሊዜ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ተራ ዜጋ ተሰልፎ የሚገባበት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ሐሳቡን የአህጉሩ ሁሉ የቅርስ ቀናት አድርጎ አጸደቀው።

የለንደን መንገድ ትንሽ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1992 በቪክቶሪያ ቶርንተን የተጀመረው የለንደን ክፍት በር በዓል ዓላማው ቅርስን ማስጎብኘት ብቻ አልነበረም፤ ተራው ነዋሪ ስለ ጥሩና መጥፎ ሕንፃ የራሱ አስተያየት እንዲኖረው ማስተማር ነበር። ስለዚህ ከጥንታዊ አዳራሾች ጎን ለጎን አዲስ የተሠሩ ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የግል መኖሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ይከፈታሉ። አርክቴክቱ ራሱ በር ላይ ቆሞ ለምን እንዲህ እንደሠራው የሚያስረዳበት ጊዜ አለ። በዓሉ ከ800 በላይ ሕንፃዎችን በአንድ ጊዜ እስከማስጎብኘት ደርሷል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ለጥቂት ሰዎች በዕጣ የተከፈተባቸው ዓመታት አሉ። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኒው ዮርክ በ2003፣ ቺካጎ በ2011 ተመሳሳይ በዓል ጀምረዋል። በአፍሪካም ሌጎስ ይህን መንገድ ይዛለች፤ ስለዚህ የሀብታም ከተሞች ቅንጦት ነው የሚለው ክርክር አያስኬድም።

ከእነዚህ ከተሞች ሦስት ትምህርት ወስደናል። አንደኛ፣ የመሥራት አቅሙ ያለው በበጎ ፈቃደኞች ዘንድ ነው፤ በጀቱ ቢያንስም ሥራው በሰው ጉልበትና ዕውቀት ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ በአንድ ወቅት መደረጉ ባለንብረቱንም ጎብኚውንም ያለማምዳል፤ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር ዝግጅት ግን የሪባን መቁረጫ ሆኖ ያልፋል። ሦስተኛ፣ በነፃ የተሰጠ ቀጠሮ በቀላሉ ይተዋል፤ ቦታ ይዞ የሚቀረው ሰው ብዙ ስለሆነ በዕለቱ ለመጣ ሰው ተራ መተው ግድ ነው።

አቋማችን

1. ነፃ መሆኑ ለድርድር አይቀርብም። በሁለቱ ቀናት በየትኛውም ተሳታፊ ሕንፃ የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የካሜራ ወይም የተራ ማስቀደሚያ ክፍያ ሊኖር አይገባም። የድርጅቶችን ድጋፍ እንቀበላለን፤ ነገር ግን ደጋፊው ለእንግዶቹ የተለየ ሰልፍ ማዘጋጀት ወይም የሕንፃውን ፊት በማስታወቂያ ጨርቅ መሸፈን አይችልም። በቀሪዎቹ የዓመቱ ቀናት ሙዚየሞች የሚያስከፍሉት ዋጋ እንደተጠበቀ ነው፤ ገቢው ለጥገና እንደሚያስፈልግ እናውቃለን።

2. ቀኑ የታወቀና ቋሚ ይሁን። የምናቀርበው የጥቅምት ወር ሁለተኛ ቅዳሜና እሁድ ነው። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ይደርቃል፣ የመስቀልና የኢሬቻ በዓላት አልፈው የጸጥታ ኃይሉ ጫና ይቀልላል፣ ተማሪዎችም ትምህርት ላይ ናቸው። የጭቃና የእንጨት ቤቶች በዝናብ ወቅት እርጥበት ይዘው ስለሚዳከሙ በክረምት ሰው ማብዛት አደጋ አለው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሁድ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዳሴ በኋላ ቢከፈቱ የአምልኮ ሰዓት አይነካም።

3. ምርጫው የከተማዋን ሙሉ መልክ ያሳይ። ቤተ መንግሥትና ቤተ አምልኮ ብቻ ከተመረጡ ልጆቻችን ከተማዋን ነገሥታትና የውጭ አርክቴክቶች ብቻ የሠሩዋት ይመስላቸዋል። ኢትዮጵያዊው አርክቴክት ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር የሠሯቸው የፍል ውሃ መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃ በመጀመሪያው ዝርዝር መግባት አለባቸው። በፍል ውሃ በየሳምንቱ የሚታጠብ ሰው እንኳን ማን እንደነደፈው ቢነገረው ግድግዳውን በሌላ ዓይን ያየዋል። የአርመንና የህንድ ግንበኞች አሻራ ያረፈባቸው የፒያሳና የአካባቢው ቤቶች፣ የቀላል ባቡር ዴፖዎች፣ ቢያንስ አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃም ይካተቱ። ዛሬ አብዛኛው አዲስ አበቤ የሚኖርበትን ወይም ሊኖርበት የሚመኘውን ቤት ትተን ስለ ከተማዋ ሥነ ሕንፃ መናገር አይቻልም።

4. ታሪኩ ሳይሸራረፍ ይነገር። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኝበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ጎብኚ የንጉሡን መኝታ ክፍል ብቻ አይቶ መውጣት የለበትም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወቅት ታጋቾቹ ባለሥልጣናት የተገደሉት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ነው። ከደጁ ያለው ወደየትም የማያደርስ ደረጃም አለ፤ ፋሺስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ በአናቱ የይሁዳ አንበሳ ቆሞበታል። የአራዳ ጊዮርጊስ ንግሥት ዘውዲቱና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት እንደሆነ ሁሉ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ያቃጠሉት ቤተ ክርስቲያንም ነው። ግንበኛው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ጣሊያናዊ እንደነበረ መንገርም የታሪኩ አካል ነው።

5. በቅርስ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ክብር ይጠበቅ። ይህ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በርካታ የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች የቀበሌ ቤት፣ ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤት ሆነዋል። ባለሰገነቱ ትልቅ ቤት በኮምፔንሳቶና በአቡጀዲ ተከፋፍሎ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ይኖርበታል። እነዚህ ቤቶች የተጠገኑም የቆሙም በነዋሪዎቹ እጅ ነው፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ በላስቲክ የሸፈነው፣ የበሰበሰውን ወለል በራሱ ወጪ የቀየረው ተከራዩ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የሚከፈተው ነዋሪዎቹ ሁሉ በግልጽ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ከግቢውና ከሰገነቱ አልፎ ወደ ማንም ክፍል መግባት አይፈቀድም። ቤቱን የሚያስረዳው በቅድሚያ ነዋሪው ይሁን፣ ለዚህም የሥራ ክፍያ ያግኝ። ድህነቱን ፎቶ ለማንሳት የሚመጣ ጎብኚ እንዳይኖር ካሜራ በነዋሪው ፈቃድ ብቻ ይነሳ። ቤቱ ለጉብኝት መመዝገቡም ነዋሪውን ለማስነሳት ምክንያት ሊሆን ከቶ አይገባም።

6. የእምነት ስፍራዎች በራሳቸው ሥርዓት ይከፈቱ። ጊዮርጊስ፣ በዓታ (ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉበት)፣ የአንዋር መስጊድና የአርመን ቤተ ክርስቲያን የከተማዋ ሁሉ ሀብት ቢሆኑም በቅድሚያ የምእመናናቸው ናቸው። ጫማ የሚወልቅበት፣ ሴትና ወንድ በየበራቸው የሚገቡበት፣ ከተወሰነ መጋረጃ አልፎ የማይታይበት ወግ ሁሉ እንዳለ ይከበር። የሌላ እምነት ተከታይ በእንግድነት ገብቶ ሥርዓቱን ጠብቆ ቢወጣ ለከተማዋ ሰላም ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን።

7. ሁሉም ሰው መግባት ይቻለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል፤ አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ግን ደረጃ ይበዛባቸዋል። በዊልቸር የሚገባባቸው ሕንፃዎች በካርታው ላይ ተለይተው ይጻፉ፤ መወጣጫ መሥራት በማይቻልበት ቦታ ምድር ቤቱ ላይ የላይኛው ክፍል ምስልና ገለጻ ይዘጋጅ። ገለጻው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በዋና ዋና ሕንፃዎችም በምልክት ቋንቋ ይሰጥ። ቀጠሮ በስልክ መተግበሪያ ብቻ መሆን የለበትም፤ ቢያንስ ግማሹ ቦታ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በአካል ለሚመዘገብና በዕለቱ ተሰልፎ ለሚመጣ ይተው።

8. የሕንፃው ደኅንነት ከጎብኚው ብዛት ይቀድማል። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ የእንጨት ወለልና ጣሪያ ያለው ቤት ምን ያህል እንደሚሰጋ አሳይቶናል። በእንጨት ወለልና ሰገነት ላይ በአንድ ዙር የሚቆመው ሰው ቁጥር በመሐንዲስ ተገምቶ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ የእሳት ማጥፊያና ሁለተኛ መውጫ የሌለው ቤት ከውጭ ብቻ ይጎብኝ። ሕንፃዎችን ለጉብኝቱ ሲባል በጥድፊያ ቀለም መቀባት፣ አሮጌ በርና መስኮትን በአልሙኒየም መቀየር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ እንደቆሙ ይታዩ።

9. ሊፈርስ የታሰበ ሕንፃ ቀድሞ ይታይ። የአቋማችን መሠረት ይህ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ፣ ወይም ለመመዝገብ የቀረበ ሕንፃ በልማት ምክንያት ሊነሳ ሲታሰብ ከውሳኔው በፊት ለሕዝብና ለባለሙያ ክፍት ሆኖ ይጎብኝ፣ ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ አስተያየት ይሰብሰብበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ሥራ በሕግ እንዲመራ አድርጓል። ዜጋ የመጠበቅ ግዴታ ካለበት አስቀድሞ የማየት ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ አይቶ የማያውቀውን እንዴት ይጠብቃል?

ለሚነሱ ስጋቶች ያለን መልስ

የመጀመሪያው ስጋት ጸጥታ ነው። የመንግሥት ተቋማት ፍተሻ እንዲያደርጉ፣ የማይገባባቸውን ክፍሎች እንዲዘጉ፣ መታወቂያ እንዲጠይቁ አንቃወምም። የምንጠይቀው ደንቡ አስቀድሞ እንዲታወቅና ለሁሉም እኩል እንዲሆን ነው። ፎቶ የሚነሳበትና የማይነሳበት ቦታ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ ጎብኚው በዘበኛው የዕለቱ ስሜት ላይ አይንጠልጠል። ቤተ መንግሥታቸውን የሚከፍቱ አገሮች ከእኛ ያነሰ የጸጥታ ስጋት ስላለባቸው አይደለም፤ ሥራውን ስላቀዱት ነው።

ሁለተኛው ወጪ ነው። ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለካርታ ኅትመት፣ ለአምቡላንስና ለመጸዳጃ ቤት ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ግን ከአንድ ትልቅ የጎዳና ኮንሰርት አይበልጥም ብለን እንገምታለን። አስረጅነቱን የሥነ ሕንፃና የታሪክ ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲሶችና አናጺዎች በበጎ ፈቃድ ሊሸፍኑት ይችላሉ። ከጡረተኞቹ መካከል ሕንፃዎቹ ሲገነቡ ሲሚንቶ ያቦኩ፣ ሽቦ የዘረጉ አሉ፤ የእነሱ ቃል ካልተቀዳ አብሯቸው ይቀበራል።

ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ተቋማትን የሚመለከት ነው። አፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ፣ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትም በራሱ ሕግ የሚተዳደር ግቢ ውስጥ ናቸው። የኅብረቱ ሕንፃ ከፍታ 99.9 ሜትር እንዲሆን የተደረገው ኅብረቱ እንዲቋቋም የተወሰነበትን እ.ኤ.አ. 9/9/99 ለማስታወስ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ ከከተማዋ ልጆች ጋር መተዋወቅ ይገባዋል። እነዚህን ተቋማት ማዘዝ አይቻልም፤ መጋበዝ ግን ይቻላል። ጥሪው በከተማ አስተዳደሩና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ቢቀርብላቸው በቀና ልብ እንደሚያዩት ተስፋ እናደርጋለን።

አራተኛው ከራሳችን ሙያ ሰዎች የሚሰማ ነው፦ በዓል የጥገናን ቦታ ይወስዳል፣ ሁለት ቀን ፎቶ ተነስቶ በሦስተኛው ቀን ሁሉ ይረሳል ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሕንፃ ስለ ጥገናው ሁኔታ አንድ ገጽ ጽሑፍ በሩ ላይ እንዲለጥፍ እንጠይቃለን፦ የትኛው ክፍል እንደተጎዳ፣ ለማስጠገን ምን እንደጎደለ፣ ሥራው የማን ኃላፊነት እንደሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ጎብኚ ያንኑ ጽሑፍ ሳይለወጥ ካገኘው የሚጠይቀውን ያውቃል።

ጥሪያችን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፦ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮው የበዓሉ ባለቤት ሆኖ ከባለሙያ ማኅበራት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከነዋሪ ተወካዮች የተውጣጣ አዘጋጅ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፤ በመዜዲሚ የተነደፈውን ማዘጋጃ ቤት፣ የከንቲባውን ቢሮና የምክር ቤቱን አዳራሽ ጨምሮ፣ በምሳሌነት ቀድሞ እንዲከፍት እንጠይቃለን። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤት፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ የበዓሉ መረጃ ማዕከል ቢሆን እንመርጣለን።

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፦ በከተማዋ በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎችን ዝርዝር ከነአድራሻቸውና ከነይዞታቸው ሕዝብ በቀላሉ በሚያገኘው መንገድ እንዲያወጣ፤ በተራ ቁጥር 9 የጠቀስነውን ቅድመ ውሳኔ ጉብኝት በመመሪያ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን።

ለባንኮች፣ ለሆቴሎችና ለሪል እስቴት ድርጅቶች፦ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃና መሰሎቹ የከተማዋን ሰማይ ለውጠዋል። ሰማዩ የሁሉም ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ከተማዋን የማየት ዕድልም ለሁለት ቀን የሁሉም ይሁን።

ለትምህርት ቤቶች፦ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያለ አንድ ሕንፃ መርጦ ተማሪዎቹ እንዲያጠኑትና በበዓሉ ቀን እንዲያስረዱት ቢያደርግ፣ የለገሃር ልጅ በ1922 ዓ.ም. የተሠራውን የባቡር ጣቢያ ለአባቱ ሲያስረዳ ማየት እንችላለን።

ለከተማው ሕዝብ፦ ቤት ያላችሁ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የግንባታ ወረቀት ወይም የአያት ታሪክ ያላችሁ ሁሉ ለወረዳችሁ አስመዝግቡ። ሲጋብዟችሁም ግቡ፤ ስትገቡም ጠይቁ።

ማኅበራችን በበኩሉ ለመጀመሪያው ዓመት 25 ሕንፃዎችን ለማስጎብኘት የሚያስፈልገውን የባለሙያ አስረጅ በነፃ ለማቅረብ፣ የእያንዳንዱን ሕንፃ አጭር ታሪክ ለመጻፍና በጎ ፈቃደኞችን ለማሠልጠን ቃል ይገባል። አስተዳደሩ ፈቃዱን በሰጠ በሦስት ወር ውስጥ የሕንፃዎቹን ዝርዝር፣ የደኅንነት ግምገማና የወጪ ዕቅድ እናስረክባለን። የሚቀረው የባለ በሮቹ ፈቃድ ነው።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ